አሮጌዋ ጥገኛ

የመዝገብ ስሙ ሌላ ነው፤ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ግን «ይጠብቁ» ይለዋል። በሚሠራበት ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት አሥራ ሰባት ያረጁ ኮምፒውተሮች አሉ፤ አንዳቸውም ሲከፈቱ «እባክዎ ይጠብቁ» ሳይሉ አይነሡም። እሱም ከእነሱ ጋር ኖሮ ኖሮ እንደ እነሱ ሆኗል። አንባቢ መጥቶ «ይቺ ነገር ለምን እምቢ አለች?» ሲለው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ይገፋል፣ አንገቱን ዘመም ያደርግና «ይጠብቁ» ይላል። ሰውየው ይጠብቃል። አንዳንዱ ጋዜጣውን ከርዕሱ እስከ ማስታወቂያው አንብቦ ይጨርሳል፣ አንዳንዱ ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ይጠብቁ ግን ማሽኗን ሳያስነሣ ከወንበሩ አይነሣም። ቅጽል ስም ከወጣላቸው ሰዎች መካከል በአንቱታ የሚጠራው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለእሱ የተተረተ ይመስለዋል። የሒሳብ መምህርት የሆነችው ሚስቱ ደግሞ ያንተ እንቁላል ገና ጫማ እየመረጠ ነው ትለዋለች።

ቤት ሲገባም ያው ነው። ከሳሎኑ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ በመስኮቱና በልብስ መተኮሻው መካከል አንዲት ኮምፒውተር አለችው፤ የምትሠራው በሊኑክስ ነው። ለምን ሊኑክስን እንደመረጠ ጠይቆት በጊዜ ወደ ቤቱ የገባ እንግዳ የለም፤ ባጭሩ ግን ማንም ሰው ሆዱን ከፍቶ ሊያየው፣ ሊጠግነውና ለጎረቤቱ ሊያድለው የሚችል የኮምፒውተር ሥርዓት ስለሆነ ነው። በዚህች ኮምፒውተር ውስጥ የይጠብቁ የልብ ልጅ ትኖራለች፤ ስሟ ጉጉት ነው። ጉጉት ፊልምና ዘፈን ማጫወቻ ናት። የሠሯት ሰዎች ከዓመታት በፊት ጥለዋት ሲሄዱ እሱ አነሣት። ሊኑክሱ በታደሰ ቁጥር ከመሠረቷ እንደገና ይገነባታል፣ ከሚያስፈልጓት ነገሮች ጋር አንድ ላይ ጠቅልሎም ለፈለገ ሰው ይለቃታል። ፈላጊዋ ሦስት ሰው ነው። አንዱ ራሱ ነው። ሁለተኛዋ የሥራ ባልደረባው ናት። ሦስተኛው የት እንደሚኖር የማይታወቅ፣ ወር በገባ ቁጥር «አይሠራም» የሚል አንድ ቃል ጽፎ የሚሰወር ሰው ነው። ስሙን ስለማያውቁት እነሱም «አይሠራም» ብለው ይጠሩታል።

ባልደረባው የቤተ መጻሕፍቱን ገመድ የምትዘረጋ ሴት ስለሆነች ባለ ገመዷ ትባላለች። ከሦስት ዓመት በፊት ሁለቱ ተማምለዋል፤ ስለ ኮምፒውተር ሲያወሩ የባዕድ ቃል ያመለጠው ሰው የአሥራ ሰባቱን ማሽኖች አቧራ ይወለውላል። «ኮምፒውተር» ለሚለው ቃል ራሱ ምትክ ስላላገኙ «እሷ» ይሏታል፤ በዚህ የተነሣ በእነሱ አፍ የኮምፒውተር ነገር ሁሉ ሴት ሆነ። ተጠቅልሎ የሚለቀቀውን «ጥቅል» አሉት። የፕሮግራም ቁርጥራጭ የሚከማችበትን «ቤተ መጻሕፍት» አሉት፤ በዚህም የተነሣ አንድ ጊዜ ይጠብቁ በስልክ «ይሄ ቤተ መጻሕፍት አርጅቷል፣ ነገ አፍርሼው አዲስ አስገባለሁ» ሲል ዳይሬክተሩ ሰምተው አስቸኳይ ስብሰባ ጠርተዋል። አንድ ፕሮግራም ያለ እሷ አልቆምም የሚላትን ቁራጭ ደግሞ «ጥገኛ» አሏት። ይህን ቃል ያመጣው ይጠብቁ ነው፤ ባመጣበት ቀን ኩራቱን አትጠይቁኝ። ከዳይሬክተሩ ስብሰባ ትምህርት መውሰድ ነበረበት። አልወሰደም።

አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ከአምስት ሳምንት በፊት መጡ። ጉልበታቸውን ታክመው ደረጃ መውጣት ስለተከለከሉ ልጃቸው አስገድዳ ነው ያመጣቻቸው። በሩ ላይ ቆመው፣ ከዘራቸውን እንደ ዳኛ መዶሻ ወለሉ ላይ መታ አድርገው ንግግር አደረጉ።

«እስኪሻለኝ ነው። እኔ የሰው ጥገኛ ሆኜ አላውቅም፤ በሰባ ዓመቴም አልጀምርም።»

ከዚያ ቡናማ ሻንጣቸውን ሳይፈቱ አልጋ ሥር ከተቱት። የሚለብሱትን ከሻንጣው ያወጣሉ፣ ታጥቦ ሲደርቅ አጣጥፈው እዚያው ሻንጣው ውስጥ ይመልሱታል። ቁም ሣጥኑን ባዶ አድርጋ የሰጠቻቸው ልጃቸው ይህን ባየች ቁጥር ሆዷ ይባባል። እናቷ ለዘለቄታው እንዲቀመጡላት ትፈልጋለች። ይጠብቁም ይፈልጋል፤ ጠዋት ጠዋት ሬዲዮኑን ሲሳደቡ መስማት ሱስ ሆኖበታል። ነገር ግን ይጠብቁ የሆዱን በአፉ የተናገረበት ቀን ስለማይታወስ ይህን ማንም አላወቀለትም።

አማቱን ሊያመጡ በሄዱ ጊዜ፣ በገዛ ቤታቸው ካለው ቁም ሣጥን ጀርባ አንዲት ሲዲ ወድቃ ተገኘች። የይጠብቁ የራሱ ሠርግ ናት። ገና ማንም ሳያያት ጠፍታ፣ «እናንተ ናችሁ የወሰዳችሁት» እየተባባለ ዘመድ ከዘመድ ሃያ ሁለት ዓመት የተኮራረፈባት ሲዲ ናት። ሲከፍቷት፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያረፉት የሚስቱ አባት በአዳራሹ መሐል ቆመው፣ ሚስታቸውን በአንድ እጃቸው ጥብቅ አድርገው አቅፈው ይናገራሉ። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ፎቶ አንሺው የቀዳበት የድምፅ ዓይነት ዛሬ ማንም የማይጠቀምበት ሆኗል፤ አዳዲሶቹ ማጫወቻዎች አይገባቸውም።

«በሕይወት እያለም እንዲሁ ነበር፣ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማው የለም» ብለው አማቱ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ከፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ድምፁ እየጠፋብኝ ነው ልጄ» አሉ። «መልኩ አለ። ድምፁን ሳስብ ግን የወንድሜ ድምፅ ነው የሚመጣብኝ።»

ያን የድምፅ ዓይነት የምታውቅ አንዲት ማጫወቻ ይጠብቁ ዘንድ አለች፤ ጉጉት ናት። ክፋቱ፣ ባለፈው ወር ሊኑክሱን ሲያድስ ጉጉት ፈርሳ ቀርታለች። እሁድ የአማቱ ሁለት እኅቶች ሊጠይቋቸው ይመጣሉ። እስከ እሁድ ድምፁን አሰማዎታለሁ ብሎ አፉን ሞልቶ ቃል ገባ። ሰውን «ይጠብቁ» ከማለት በቀር ቀን ቆርጦ የማያውቅ ሰው ነውና ሚስቱ ትኩሳት ይኖርበት እንደሆነ ግንባሩን ነካች።

ሐሙስና ዓርብ ፈቃድ ወሰደ። ሐሙስ ጠዋት ጉጉትን መገንባት ጀመረ። ኮምፒውተሯ አሮጌ ስለሆነች አንድ ግንባታ አርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ማራገቢያዋ ሊነሣ እንደ ፈለገ አውሮፕላን ታጓራለች። ከአርባ ደቂቃ በኋላ «ጥገኛ አልተገኘችም» ብላ ቆመች። የጎደለችውን ፈልጎ አስገባ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሌላ ጥገኛ አልተገኘችም። እሷንም አስገባ። ቀጥሎ የቆመችው በጥገኛ አልነበረም፤ እሱ ራሱ አንድ ነጠላ ሰረዝ ረስቶ ነው። ለአንድ ነጠላ ሰረዝ አርባ ደቂቃ! ሚስቱ ተማሪዎቿን እንዲህ ብትቀጣ ወላጅ ይከሳት ነበር። ከሰዓት በኋላ ነገሩ ሁሉ ከድጡ ወደ ማጡ ሆኖ፣ ዘጠኝ ጥገኞችን ሰብስቦ አሥረኛዋን ሲፈልግ አማቱ ብቅ ብለው ምን እየሠራ እንደሆነ ጠየቁት።

«ጥቅል እየሠራሁ ነው እማማ» አለ ዓይኑን ሳይነቅል።

አማቱ ጥሩ አሉና ወደ ማድ ቤት ሄደው ቢላዋና መክተፊያ አመጡለት። ጎመኑን ግን የትም ፈልገው አጡት።

ዓርብ ረፋድ ላይ የቀረው አንድ ችግር ብቻ ነበር። የድምፁን ሥራ የሚሠሩ ሁለት ጥገኞች አሉ፤ አንዷ አሮጌ፣ አንዷ አዲስ። ሁለቱ በአንድ ቦታ ሲቀመጡ ይጋጫሉ፣ ግንባታውም ይቆማል። ለባለ ገመዷ ደወለ። የማራገቢያዋን ጩኸት ለመብለጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቃል በቃል እንዲህ አለ።

«ገባኝ፣ ገባኝ። ጣጣው ሁሉ ከአሮጌዋ ጥገኛ ነው። አዲሷ ስትመጣ አብረው መኖር አልቻሉም። አይ፣ አላዝንላትም፤ ቦታ ይዛ ከመቀመጥ በቀር ምን ትሠራልኛለች? ዛሬውኑ አስወጣታለሁ።»

ገርበብ ካለው በር ጀርባ አማቱ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዘው ቆመው ነበር። አንዱ የእሱ ነበር። ይጠብቁ ይህን ያወቀው እሁድ ነው፤ እኔ ግን ሰው ማንጠልጠል ስለማልወድ አሁኑኑ ተናግሬዋለሁ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሳቸው ግን ዘመድ ሆኖ አንድ ቃል ሳያስቀር አቀበላቸው። ሁለቱንም ሻይ ይዘው ተመለሱ። ሁለቱንም ጠጡት። ክፍላቸው ገብተው ቃሉን አንድ በአንድ መረመሩት። ጥገኛ መባላቸው አንገበገባቸው። ከሱ የባሰው ግን ሌላ ነበር፤ አሮጊት እንኳ አላላቸውም፣ አሮጌ ነው ያላቸው፣ እንደ ወንበር። ደግሞ አዲሷ ማን ናት? አዲስ አማት ከየት ነው የሚመጣው? ሚስት ሳትቀየር አማት እንዴት ትቀየራለች? እስከ ምሳ ድረስ አሰቡ፤ መልስ አላገኙለትም።

ምሳ ላይ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ይጠብቁ ሐሳቡ ኮምፒውተሯ ዘንድ ስለቀረ ማንኪያውን ይዞ ሲቆዝም አማቱ ሳህኑን ወደሱ ገፋ አደረጉለት።

«ይብሉ እንጂ» አሉት።

ከሃያ ሁለት ዓመት «ልጄ» በኋላ አንቱ ተባለ። ሌላ ሰው ቢሆን ጉሮሮው ላይ ይቀረቀርበት ነበር። ይጠብቁ ግን በቅጽል ስሙ የቀለዱ መስሎት ሳቀና በላ።

ከሰዓት በኋላ አሮጌዋን አስወጣት። ግንባታው በአርባ ደቂቃ ያለ አንዲት እንከን አለቀ። እጁን እያፋተገ ሲዲዋን ከፈታት። የሚስቱ አባት ብቅ አሉ፤ ሚስታቸውን አቀፉ፤ አፋቸውን ከፈቱ። ጭጭ። የድምፁን ቁልፍ ወደ ላይ ገፋው፣ ገመዱን ነቅሎ ሰካው፣ ድምፅ ማጉያውን በጥፊ መታው። ምንም የለም።

ያኔ ነው «አይሠራም» ትዝ ያለው። በዚህ ወር የጻፈው መልእክት እንደ ወትሮው አንድ ቃል መስሎት ሳይከፍተው ትቶታል። ከፈተው። ሰውየው በዕድሜው ሙሉ ጽፎ የማያውቀውን ያህል ጽፏል፦ «አይሠራም እንዳልልህ፣ አሮጌዋን እንዳትነካት። የድሮውን ድምፅ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።»

ይጠብቁ ስልኩን አንሥቶ ወደ ውጭው በር ሮጠ፤ ስልኩ በደንብ የሚሰማው እዚያ ነው። እዚያም አማቱ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጫማቸውን አድርገዋል፣ ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ሻንጣቸው ጭናቸው ላይ ነው። ልጃቸው ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ነበር የሚጠብቁት፤ ተሰናብተው ሊሄዱ። ይጠብቁ ሻንጣውን አየው፣ የሚታጠብ ልብስ ነው ብሎ አለፈው። ከፊታቸው ቆሞ በስልኩ ውስጥ ጮኸ።

«ተሳስቻለሁ። አሮጌዋ መውጣት አልነበረባትም። እሷ ስትወጣ ሁሉ ነገር ጭጭ አለ። አዲሷ ብትፈልግ ትሂድ፤ ያለ አሮጌዋ እኔ አንድ ቀን አልውልም።»

አማቱ ቀና ብለው አዩት። የሚያወራው በስልክ መሆኑን አላጡትም፤ ግን አማቹን ያውቁታል፣ ፊት ለፊት ይቅርታ መጠየቅ የሚያፍር ሰው ነው። ስልኩን ለዕፍረት መሸፈኛ የያዘው መሰላቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና ከልቡ ከሆነ ይበቃል አሉት።

ይጠብቁ በአንድ ጆሮው ባለ ገመዷን እየሰማ፣ አማቱ ያሉትን ሳይሰማ፣ በእጁ ምልክት አድርጎ «ይጠብቁ» አላቸው።

«እጠብቃለሁ» አሉ አማቱ። ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ።

ቅዳሜን ሙሉ ሠራ። ባለ ገመዷ በስልክ እየመከረችው፣ አሮጌዋን ከአዲሷ ጋር በማትገናኝበት ቦታ ለብቻዋ አስቀመጣትና ለጉጉት አድራሻዋን ነገራት። ሲያልቅ ኩራቱ አላስችለው ብሎ እራት ላይ ሚስቱን «ለአሮጌዋ የራሷን ክፍል ሰጠኋት» አላት። ሚስቱ ምንም አልገባትም። አማቱ ግን ራሳቸውን በክብር ነቀነቁ፤ ዳቦም ጨመሩለት።

እሁድ ሁለቱ እኅቶች መጥተው ሶፋው ላይ ግራና ቀኝ ተቀመጡ፤ አማቱ መሐል ገቡ። ይጠብቁ ሲዲዋን እያዘጋጀ ሳለ አማቱ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መታ አደረጉና እኅቶቻቸውን እንዲሰሟቸው ጠየቁ። ይህ ልጅ ዓርብ ዕለት አሮጌ ጥገኛ ብሎ ከቤት ሊያስወጣቸው እንደነበር፣ ያንኑ ቀን ተጸጽቶ እንደለመናቸው፣ እሳቸውም ይቅር እንዳሉት ተናገሩ። ታናሽ እኅታቸውን ሻዩ ትን አላት።

«እኔ? መቼ?» አለ ይጠብቁ።

አማቱ ቃል በቃል ደገሙለት። አሮጌዋን፣ አዲሷን፣ ቦታ ይዛ ከመቀመጥ በቀር ምን ትሠራልኛለች ያለውን፣ ሁሉንም። ይጠብቁ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ገረጣ። ሚስቱ ቀድማ ገባትና ጠረጴዛው ላይ ግንባሯን ደፍታ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። እሱ እየተንተባተበ ማስረዳት ጀመረ፤ ጥገኛ ማለት ሰው እንዳልሆነች፣ ጉጉት የምትደገፍባት ቁራጭ እንደሆነች፣ እሷ ከሌለች ጉጉት እንደምትወድቅ።

አማቱ እጃቸውን አነሡ። «ቆይ። ማነው ማንን የሚደገፈው?»

«ጉጉት ናት አሮጌዋን የምትደገፈው።»

«ታዲያ ጥገኛዋ ጉጉት ናታ! የተሸከመችውን ጥገኛ ይሏታል እንዴ?»

ሦስት ዓመት ሙሉ ይጠብቁና ባለ ገመዷ ቃሉን ገልብጠው ይዘውት ኖረዋል፤ አንድም ቀን አልታያቸውም። ይጠብቁ አፉን ከፍቶ ቀረ።

አማቱ ግን በድላቸው አልተደሰቱም። ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙና ወደ እጃቸው አዩ። ቀጥለው ሲናገሩ ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር።

«እንግዲያ ያለ አሮጌዋ አንድ ቀን አልውልም ያልከው ለኔ አልነበረማ።»

ማንም አልሳቀም። ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። ይጠብቁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ፣ መልሶ አወረደ። በዚያች ሰዓት አፉ ላይ የመጣችው የለመዳት ቃል ነበረች፤ ዋጣት።

«አልነበረም» አለ። «ቃሉን ለማሽን ነው ያልኩት። ዛሬ ግን ለእርስዎ ነው የምለው። እዚሁ ይሁኑልን፣ እማማ። ጠዋት ሬዲዮኑን የሚሰድብ ሰው ከሌለ ይሄ ቤት ቤት አይመስለኝም።»

አማቱ አፍንጫቸውን በመሐረብ አበሱና በል ክፈተው አሉት።

ከፈተው። የሚስቱ አባት በአዳራሹ መሐል ቆመው፣ ሚስታቸውን ጥብቅ አድርገው አቅፈው፣ አፋቸውን ከፈቱ። ሻካራ፣ ትንሽ በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። አማቱ ደረታቸውን ያዙ። «እሱ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «እሱ ራሱ ነው።»

ሁሉም የአባትየውን የሠርግ ምርቃት ለመስማት ጆሮውን አቀና። ድምፁ እንዲህ ይል ነበር፦

«ይሄ የተረገመ ጫማ ጨረሰኝ። ካሜራው እዚህ ነው የሚያየው? ፈገግ በይ፣ ፈገግ በይ። አንቺ፣ ጠጋ በይልኝ፤ ልደገፍሽ፤ ከለቀቅሽኝ እወድቃለሁ።»

ሲዲዋ ከተገኘች ጀምሮ፣ ከዚያም በፊት በትዝታቸው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አማቱ ያን ማቀፍ ለብቻቸው ይዘውት ኖረዋል፤ ባላቸው በሰው ፊት ያቀፏቸው ያን ቀን ብቻ ነበርና። አሁን ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቁ እንባቸውን እየነዳ መጣ፤ እኅቶቻቸው ከግራና ከቀኝ ያዟቸው። ትንፋሽ ሲያገኙ ከዘራቸውን ወደ ስክሪኑ ቀሰሩ።

«አያችሁት? ጥገኛው እሱ ኖሯል!»

ሰኞ ይጠብቁ የጉጉትን ጥቅል ሲለቅ፣ የሚያስፈልጓትን በሚዘረዝረው ወረቀት ላይ «ጥገኞች» የምትለዋን ርዕስ ሰርዞ «ምሰሶዎች» ብሎ ጻፈ። ባለ ገመዷ ለሦስት ዓመቱ ስሕተት የአሥራ ሰባቱን ማሽኖች አቧራ ፈረደችበት። «አይሠራም» ከሰዓት በኋላ «ይሠራል» ብሎ ላከ፤ ይጠብቁ ሰውየው ታሞ ይሆን ብሎ ተጨነቀ።

ማታ ቤት ሲገባ ቡናማው ሻንጣ ባዶውን ቁም ሣጥኑ ላይ ተሰቅሏል። አማቱ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጠው ጫማው ያለበትን ቦታ ድገምልኝ አሉት። ቁልፉን ተጫነ። ስክሪኑ ላይ «እባክዎ ይጠብቁ» የሚል ወጣ፤ አማቱም ወንበራቸውን ወደፊት ሳብ አድርገው ጠበቁ።